የበዓል ሰሞን የቢላዋ አሳሳል ይታሰብበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዘመን መለወጫና የመስቀል በዓላት እየተቃረቡ ስለሆነ በየገበያው ዳርና በየሰፈሩ መግቢያ ቢላዋ የሚስሉ ወጣቶች በቅርቡ ሥራቸውን ይጀምራሉ። የብረታ ብረት ሥራ በማስተማር ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በላባቸው የሚያድሩትን እነዚህን ወጣቶች ለመውቀስ አይደለም። በእነርሱም እጅ ሆነ በየቤታችን ስለት የምናወጣበት መንገድ ቢላዋዎቻችንን ያለ ዕድሜያቸው እየጨረሰ፣ የእንስሶቻችንንም ቆዳና ሌጦ እያስበጣ መሆኑን አንባቢያንና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን የሚመሩ አካላት እንዲያጤኑልኝ ለመጠየቅ ነው። መሳል ብረትና ድንጋይ ማፋተግ ብቻ ስለሚመስለን ማንም የሚማረው፣ ማንም የሚያስተምረው ሙያ ሆኖ አልተቆጠረም። ጉዳቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን በብዛት የምናየው አሳሳል ቢላዋውን በኤሌክትሪክ ወይም በእግር በሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ ላይ መጫን ነው። ድንጋዩ በፍጥነት ሲዞር የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል፤ የቢላዋው ባለቤትም ፍንጣሪው በበዛ ቁጥር ቢላዋው በደንብ የተሳለለት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ያ ፍንጣሪ ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንደኛው ከቢላዋው ብዙ ብረት እየተበላ መሆኑን ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ የስለቱ ጫፍ ከመጠን በላይ እየጋለ መሆኑን ነው። ብዙ ሰው ቢላዋ ተስሎ በመጣ በማግሥቱ መደነዙን እያየ የብረቱን ጥራት ያማርራል። ብረቱ ግን ከመሳሉ በፊት ደኅና ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ቢላዋ እንዴት እንደሚጠነክር ማወቅ ያስፈልጋል። የካርቦን ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በውስጡ ካለው ካርቦን ብቻ ሳይሆን ካለፈበት ሙቀትም ጭምር ነው። ሠሪው ብረቱን ማግኔት እስከማይስበው ድረስ፣ ማለትም እስከ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ያግለውና ዘይት ወይም ውኃ ውስጥ በድንገት ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ሲመታ የሚሰበር ይሆናል። ስለዚህ ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ባለው መለስተኛ ሙቀት እንደገና አቆይቶ ተሰባሪነቱን ይቀንስለታል። የቢላዋው ጠባይ የሚወሰነው በዚህ ሁለተኛ ሙቀት ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ ከዚህ ልክ ያለፈ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ጥንካሬውን እየለቀቀ ይሄዳል፤ የተለቀቀውም ጥንካሬ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ አይመጣም።

የስለት ጫፍ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ በመሆኑ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት አካል የለውም። ደረቅ ድንጋይ ላይ ሲጫን የቀረው የቢላዋ ክፍል ገና ለእጅ ሳይሞቅ ጫፉ ብቻ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ መቶዎች ዲግሪ ይደርሳል። አንባቢ ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል። የጠራ የካርቦን ብረት ሲሞቅ ገጹ 220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቢጫ ይመስላል፤ ቀጥሎ ቡናማና ወይን ጠጅ ይሆናል፤ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስም ሰማያዊ ይለብሳል። ተስሎ የተመለሰ ቢላዋ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ጥላ ካለበት፣ የሚቆርጠው ክፍል ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው። ለአንድ ቀን ይቆርጥ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጫፉ ይታጠፋል፤ ባለቤቱም መልሶ ወደዚያው ድንጋይ ይወስደዋል፤ እንደገና ይቃጠላል። አራት ጣት የነበረው የቢላዋ ወርድ በጥቂት ዓመት ሁለት ጣት ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው አጠገባችን ነው። ድንጋዩ በዝግታ እንዲዞር ማድረግና ከሥሩ ውኃ እየነካ እንዲያልፍ ማመቻቸት ይበቃል። ይህ ካልተቻለም ቢላዋውን ለአፍታ ብቻ እያስነኩ በየመሀሉ ባልዲ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ብረቱ በባዶ ጣት ለመያዝ ከሚያስቸግር ሙቀት በላይ እንዳይደርስም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ባልዲ ውኃ የቢላዋን ዕድሜ በእጥፍና ከዚያም በላይ የሚያራዝም ሆኖ ሳለ በመሳያ ቦታዎች ሁሉ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ለመሆኑ ስለት ምንድን ነው? ሁለት ገጾች ተገናኝተው የሚፈጥሩት መስመር ነው። ሁለቱ ገጾች በትክክል እስኪገናኙ ድረስ ከመሀላቸው ያለውን የደነዘ ብረት ማንሳት የመሳል ሥራ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ማለስለስ ነው። መሽከርከሪያ ለሌለው ሰው ሁለት ገጽ ያለው፣ አንዱ ሸካራ ሌላው ለስላሳ የሆነ የመሳያ ድንጋይ ለቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በመሳያ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው የሸካራነት ቁጥር እያነሰ ሲሄድ ሸካራነቱ ይጨምራል፤ ከ200 እስከ 400 ያለው ለተጎዳ ቢላዋ፣ 1000 አካባቢ ያለው ለተለመደው መሳል፣ ከ3000 በላይ ያለው ለማለስለስ ያገለግላል። ለወጥ ቤት ቢላዋ ገጹ ከድንጋዩ ጋር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ማዕዘን ቢይዝ ጥሩ ነው። ለአጥንት መምቻና ለመጥረቢያ ግን ከዚህ ይበልጥ መስፋት አለበት፤ አለበለዚያ ጫፉ ይሸረፋል። ዲግሪ መለካት የሚያስቸግረው ሰው በሌላ መንገድ ሊያገኘው ይችላል፤ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላዋ ጀርባው ከድንጋዩ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ 1 ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ 20 ዲግሪ ይደርሳል።

ዋናው ነገር የተያዘውን ማዕዘን ሳያዛንፉ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ በእርጋታ መሳብ ነው። አንደኛው ገጽ በበቂ ሁኔታ ሲሳል በተቃራኒው ገጽ ጠርዝ ላይ በጣት የሚዳሰስ ቀጭን የብረት ሸካራ ይወጣል። ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ አስተምራቸው የነበረው ይህችን ሸካራ መዳሰስ ነው፤ ምክንያቱም ሸካራዋ ከእጀታ እስከ ጫፍ ካልወጣች ገጾቹ ገና አልተገናኙምና፣ ያን ጊዜ ወደ ለስላሳው ድንጋይ መሻገር ጊዜ ማባከን ነው። ሸካራዋ ከወጣች በኋላ ቢላዋው ይገለበጥና ሌላው ገጽ በተመሳሳይ መንገድ ይሳላል፤ በመጨረሻም ግፊቱን እየቀነሱ በለስላሳው ድንጋይና በደረቅ ቆዳ ላይ ሸካራዋን ማጥፋት ይገባል። ሸካራዋ ሳትጠፋ የቀረች እንደሆነ ቢላዋው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁራጮች እጅግ የሰላ መስሎ ወዲያውኑ ይደንዛል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

በየቤታችን የተለመዱ ሌሎች አሳሳሎችም አሉ። ሁለት ቢላዋ እርስ በርስ ማፋተግ ብዙ እናቶቻችን የሚያደርጉት ሲሆን፣ ሥራው በእርግጥ መሳል አይደለም። በአገልግሎት ብዛት የተጣመመውን ጫፍ ሊያቃና ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሁለቱንም ይሸርፋል። ሥጋ ቆራጮች ከእጃቸው የማይለዩት ክብ የብረት ዘንግም የሚሠራው ያንኑ ማቃናትን ነው፤ በደንብ ለተሳለ ቢላዋ በጣም ይጠቅማል፣ ለደነዘ ቢላዋ ግን አንዳች አይፈይድም። በደጃፍ ሲሚንቶና በግንብ ጠርዝ ላይ መሞረድ ደግሞ ጫፉን መጋዝ አስመስሎ ይተወዋል፤ ሥጋ ሊበጥስ ይችላል፣ ሽንኩርት ግን ይጨፈልቃል። ሽንኩርት ሲጨፈለቅ ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ ይበዛል፤ በበዓል ዋዜማ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የሚያደቅ ሰው በሰላ ቢላዋ ቢጠቀም እንባው ይቀንስለታል። የመሳያ ድንጋይ ለሌለው ሰው ከሲሚንቶ ይልቅ የሸክላ ኩባያ ወይም ሳህን መቀመጫ ላይ ያለው፣ ቅብ ያልነካው ሸካራ ክብ እጅግ የተሻለ ነው፤ ጥሩ ለስላሳ መሳያ ሆኖ ያገለግላል።

ከቢላዋው መጥፋት ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የቆዳና ሌጦው ጉዳይ ነው። አገራችን በከብት፣ በበግና በፍየል ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት መካከል ናት። የደጋ በጎቻችን ሌጦ ለጓንት ሥራ ተፈላጊ ነው፤ የባቲ ፍየል ሌጦም በዓለም የቆዳ ገበያ በስሙ የሚታወቅ ነው። እንዲህ ያለው ሀብት በብዛት የሚገኘው በበዓላት ሰሞን በየቤቱ፣ በየቅርጫው ከሚታረደው እንስሳ ነው፤ የሚገፈውም የገፈፋ ሥልጠና በሌላቸው ሰዎችና ለዚያ ባልተሠራ ቢላዋ ነው። በገፈፋ ጊዜ የሚደርሰው የቢላዋ ብጣት ሁልጊዜ ቀዳዳ ሆኖ አይታይም። በሥጋው ጎን ያለ ቀላል ጭረት ጥሬው ሳለ ማንም ልብ አይለውም፤ ጠጉሩ ተነቅሎ፣ ቆዳው ለፍቶና ሳስቶ ሲወጣ ግን ያ ጭረት ይጎላል፤ ሰፊውና ውዱ የቆዳው ክፍል በመሀሉ ተበጥቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ፋብሪካው ወጪውን አውጥቷል፣ የገፈፈው ሰው ግን ጉዳቱን ከቶም አያየውም።

የደነዘ ቢላዋ ለዚህ ብጣት አንዱ ምክንያት ነው። ቢላዋው አልቆርጥ ሲል ሰው ኃይል ይጨምራል፤ ኃይል የተጨመረበት ቢላዋ ድንገት ሲለቅ ወደ ቆዳው ይገባል፤ አንዳንዴም ወደ ገፋፊው እጅ ይገባል። በዚህ ሁሉ ግን የሰላ ቢላዋ ብቻውን በቂ ነው አልልም። ጫፉ ሹል የሆነ የወጥ ቤት ቢላዋ ቢሰላም ለገፈፋ አይሆንም፤ ሹሉ ጫፍ ራሱ ቆዳውን ይወጋል። ለገፈፋ የሚሆነው ስለቱ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ጫፉም ዶልዱም የሆነ ቢላዋ ነው። ቀጥ ያለው ቢላዋ ቆዳውን ከመጀመሪያው መስመር ለመክፈት ብቻ ያገልግል፤ ከዚያ በኋላ በተለይ በግና ፍየል ላይ አብዛኛውን ሥራ በቡጢ እየገፉ መጨረስ ይቻላል፤ ቢላዋ የሚያስፈልገው እጅ በማይለየው ቦታ ብቻ ነው። ይህን ዘዴ የሚያውቁ አባቶች በየገጠሩ አሉ፤ ፍየል ሰቅለው በደቂቃዎች ውስጥ ሌጦውን አንዲት ጭረት ሳያሳርፉበት ያወጡታል።

በቅርብ ዓመታት በበዓላት ማግሥት ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ማየታችን እውነት ነው። ለዋጋው መውደቅ ከስለትና ከገፈፋ ውጭ ብዙ ሌሎች ምክንያቶች እንዳሉት አውቃለሁ፤ እከክና ሌሎች የቆዳ ተባዮች የሚያደርሱት ጉዳትም ቀላል አይደለም። ሆኖም ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር እንጂ በደረጃ ስለማይገዛ፣ በጥንቃቄ የገፈፈውና በግዴለሽነት የበጣው ሰው እኩል ይከፈላቸዋል፤ ይህ ባለበት ማን ቢላዋውን ለመሳል ይደክማል? ቆዳ ፋብሪካዎችና ሰብሳቢዎች ላልተበጣ ሌጦ ጥቂትም ቢሆን ብልጫ ያለው ዋጋ ቢከፍሉ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ውጤት ያመጣል የሚል እምነት አለኝ።

ጉዳዩ የኢኮኖሚ ብቻም አይደለም። በእስልምና አራጁ ቢላዋውን እንዲስልና የሚታረደውን እንስሳ እንዲያሳርፍ፣ ቢላዋውንም በእንስሳው ፊት እንዳይስል ታዟል። በክርስትናም የደነዘ ብረት የሠራተኛውን ድካም እንደሚያበዛ፣ ጥበብ ግን ሥራውን እንደሚያቀና መጽሐፈ መክብብ ይናገራል። በደነዘ ቢላዋ በግ ማሠቃየት በየትኛውም እምነታችን ዘንድ የሚያስወቅስ ሆኖ ሳለ፣ በበዓል ጧት ቢላዋ የሚፈተሸው በጉ ከተጣለ በኋላ መሆኑ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ስለት ማውጣት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አለመሆኑን ሳስብ ደግሞ ይበልጥ ይቆጨኛል። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ሲሆን፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ይመደባሉ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ከባልጩት ድንጋይ የእጅ መጥረቢያ ይፈልጡ ነበር፤ ቦታው የባልጩት ምንጭ ከሆነው ባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በኮንሶም ቆዳ የሚፍቁ እናቶች ከድንጋይ የተፈለጠ መፋቂያ ሲጠቀሙ ጫፉ በደነዘ ቁጥር በትንሽ በትንሹ እየፈለጡ ያድሱታል፤ መፋቂያውን የሚጥሉት ከዚያ በላይ ሊታደስ በማይችልበት ጊዜ ነው። ይህ በጥንቃቄ የሚተላለፍ ሙያ ነው፤ ልጅ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ዓመታት ወስዳ የምትማረው ነው።

በብረት ዘንድም ይህ እውቀት ነበረ፤ ባለቤቶቹን ግን አላከበርናቸውም። ማረሻ የሚስልለትን፣ ማጭድ የሚሠራለትን ቀጥቃጭ ገበሬው በክፉ ስም እየጠራ ከማዕዱ ሲያርቀው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የንቀቱን ብዛት ያሳያል። ይህ ንቀት ባለ እጁን ብቻ አልጎዳም፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እውቀት ከመንደር ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገባም አግዷል። ቀጥቃጩ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተሠራ ቢላዋ ስለት እንደሚይዝ፣ ከፌሮ የተሠራው ግን ቢሞረድም እንደማይጸና ያውቃል። እኛ በክፍል ውስጥ ምክንያቱን እናስረዳለን፤ ባሌስትራ ውስጥ ያለው ካርቦን ከ100 እጅ 0.6 ገደማ ሲሆን፣ ለግንባታ የሚውለው ፌሮ ግን ብዙውን ጊዜ የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እርሱ በእጁ የሚያውቀውንና እኛ በሰሌዳ የምንጽፈውን አንድ ላይ ያገናኘ ሥልጠና ግን በማስተማር ዘመኔ አላየሁም። በመሣሪያ አያያዝ ሥር ስለ መሳል የሚሰጠው ትምህርትም እጅግ የተገደበ፣ ተማሪው አንድ ቢላዋ እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሎ ሳይፈተን የሚያልፍበት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ውስን ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየአካባቢያቸው በመሳል ሥራ የተሰማሩትን ወጣቶች ጠርተው ከበዓላት በፊት የጥቂት ቀናት ሥልጠና ቢሰጧቸው፣ በዝግታ የሚዞር የውኃ ድንጋይ እንዴት ከተራ ሞተርና ከቆርቆሮ ገንዳ ሊሠራ እንደሚችል ቢያሳዩአቸው፣ የብረቱን ቀለም አይተው መቼ ማቆም እንዳለባቸው ቢያስተምሯቸው ወጪው አነስተኛ ነው። የወረዳ አስተዳደሮች ለበዓል ሰሞን ሥራ ቦታ ሲፈቅዱላቸው ውኃ የሚያገኙበትን ሥፍራ ቢመርጡላቸው ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ወጣቶቹ ገቢያቸው የሚቀንስ ከመሰላቸው፣ በጥንቃቄ ለተሳለ ቢላዋ ተጨማሪ ብር ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ ብዙ ሰው አለ፤ እኔ ከእነዚህ አንዱ ነኝ። መቀሳቸውን የሚያስሉ ልብስ ሰፊዎችም ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይጠቀማሉ፤ በደረቅ ድንጋይ ላይ የተሳለ መቀስ የሁለቱ ምላሶች መጋጠሚያ ስለሚበላሽ ጨርቅ ከመቁረጥ ይልቅ ያጥፋል።

የጋዜጣው ዝግጅት ክፍልም በቆዳና ሌጦ ንግድ፣ በቅጥቀጣና በሥጋ ቤት ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸውን ልምድ እንዲጽፉ ቢጋብዝልኝ፣ በተለይም በገጠር ያለ መሽከርከሪያ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና በውኃ ብቻ ቢላዋ እንደ ምላጭ የሚያሰሉ አዛውንቶች ድንጋያቸውን ከየት እንደሚመርጡና በምን እንደሚለዩት ቢያስረዱን ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል። በበዓሉ ዋዜማ ቢላዋ ለማሳል የሚሄዱ አንባቢያን ደግሞ የሚስለውን ወጣት ባልዲ ውኃ እንዳለው ይጠይቁት፤ ከሌለውም ከጎረቤት ተቀብለው ያቅርቡለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የብረታ ብረት ሥራ መምህር የነበርኩ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ